ኃጢአተኛ ክፉ ነው ወይስ ምርኮኛ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሮም ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ እጠብቃለሁ። ሲያጠፋ አያቱ «ካቲቮ!» ይሉታል፤ ክፉ ማለታቸው ነው። አብራኝ የምትሠራ የእስፔን ሴት ደግሞ «በእኛ ቋንቋ ካውቲቮ ምርኮኛ ማለት ነው» አለችኝ። ቃሉ አንድ ነው? ኃጢአተኛስ ክፉ ነው ወይስ ምርኮኛ? ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ቃሉ አንድ ነው። ሁለቱም የተወለዱት ከላቲኑ «ካፕቲቩስ» ነው፤ በጦርነት ተይዞ የተወሰደ ሰው ማለት ነው። እስፓኒሽ ትርጉሙን እንዳለ ያዘው። ፈረንሳይኛ «ሼቲፍ» አለው፤ ዛሬ ከሲታ፣ አቅመ ደካማ ማለት ነው። ምርኮ ሰውን እንዴት እንደሚያከሳ አስቢው።

በጣልያንኛ ግን ክፉ ሆኖ ቀረ። ይህ የመጣው ከክርስቲያኖች አነጋገር ነው። በላቲን ኃጢአተኛውን «ካፕቲቩስ ዲያቦሊ»፣ የዲያብሎስ ምርኮኛ ይሉት ነበር። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስም 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥26 ላይ በዲያብሎስ ወጥመድ ስለተያዙት ሲናገር ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ውሎ አድሮ «የዲያብሎስ» የሚለው ወደቀ። ማራኪው ተረሳ፣ ስድቡ ለምርኮኛው ቀረ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ዛሬ መጥፎ አየርም መጥፎ ሽታም «ካቲቮ» ይባላል።

ቅዱስ ጳውሎስ ግን በሮሜ 7፥23 የኃጢአት ሕግ እንደሚማርከው ይናገራል። እኛስ ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ ምን እንላለን? «አባቴ፣ ይፍቱኝ።» እሳቸውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉሻል። የሚፈታ እኮ የታሰረ ነው! ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተን ሳናስተውለው አልፈናል።

አደራ፣ ተማርኬ ነው ብለሽ ግን ጥፋትሽን ሁሉ በሰይጣን አታላክኪ። ብዙ ጊዜ በሩን የምንከፍትለት እኛው ነን። ንስሐ ስትገቢ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብለሽ አድበስብሰሽ አትለፊው። ያደረግሽውን በስሙ ጠርተሽ ተናገሪ።

አያቱን ለማረም አትሞክሪ። በአገራቸው ለልጅ የሚባል የተለመደ ቃል ነው፤ ከክፋት አይደለም። አንቺ ግን ልጁ ሲማታ እጁን ያዝ አድርገሽ «መማታት ጥሩ አይደለም» በይው እንጂ «አንተ ክፉ» አትበይው። ማታ አቡነ ዘበሰማያት ስትደግሚ «አድኅነነ ወባልሐነ እምኵሉ እኩይ» ላይ ስትደርሺ እሱንም አያቱንም አስቢያቸው።