ንግድ ልትጀምሩ ላሰባችሁ ልጆች፦ ከኦርፊልዱ ሲኒማ የታዘብኩት

ሰላም ልጆች፣

ንግድ ልጀምር ነው ብሎ የሚመጣ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራኝ ስለ ሐሳቡ ነው። "ጋሼ፣ ማንም ያላሰበው ነገር አግኝቻለሁ" ይለኛል። እኔ እዚህ አሜሪካ ዕድሜዬን የጨረስኩት የትንንሽ ንግዶችን ሒሳብ ስሠራ ነው። የሬስቶራንቱን፣ የፓርኪንጉን፣ የታክሲውን። ሐሳቡን ደስ ብሎኝ እሰማና አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ሊጠግነው ነው? ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። ተስፋ ላስቆርጥ የፈለግኩ ይመስላቸዋል።

ለምን እንደምጠይቅ በአንድ ሲኒማ ታሪክ ላስረዳችሁ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ከአለንታውን ከተማ ወጣ ብላ ኦርፊልድ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። እዚያ ሻንክዋይለርስ የሚባል ድራይቭ ኢን ሲኒማ አለ። ድራይቭ ኢን ማለት ሜዳ ላይ መኪናችሁን አቁማችሁ፣ ከመኪናችሁ ሳትወርዱ ፊልም የምታዩበት ቦታ ነው። የተከፈተው ሚያዝያ 15 ቀን 1934 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። በአሜሪካ ዛሬም ከሚሠሩት ድራይቭ ኢኖች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው።

ሐሳቡ ግን የኦርፊልድ ሰው አልነበረም። የኒው ጀርሲው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ ነው ያመጣው። አባቱ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ነበራቸው። ሰውየው ግቢው ውስጥ ከዛፍ ዛፍ አንሶላ ወጠረ፣ ፕሮጀክተሩን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ፣ ከአንሶላው ጀርባ ሬዲዮ ከፈተ። ዝናብ ቢመጣስ ብሎ የአትክልት ማጠጫ መኪናው ላይ ለቀቀ። ከፊት የቆመ መኪና የኋላውን እንዳይጋርድ የፊት ጎማዎቹን ከፍ እያደረገ ለካ። እኔ የማደንቀው ይሄን ነው። በግንቦት 1933 የፓተንት መብቱን፣ ማለትም ሌላ ሰው ፈጠራውን ያለ ፈቃዱ እንዳይጠቀምበት የሚከለክለውን መብት፣ አገኘ፤ ሰኔ 6 ካምደን ከተማ አጠገብ በሩን ከፈተ። ዋጋው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለሰው 25 ሳንቲም፣ ቤተሰቡ ቢበዛም ከ1 ዶላር አይበልጥም።

ከዚያስ? በጥቂት ዓመት ውስጥ ካምደንን ለቀቀ። ሌሎች ሐሳቡን ወስደው በየቦታው ከፈቱ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1949 ፍርድ ቤቱ ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። መኪናን በተዳፋት ላይ ማቆም ለብቻው የሚጠበቅ ፈጠራ አይደለም ነው ነገሩ። "ማንም አላሰበውም" ብላችሁ የምትመጡ ልጆች፣ ይሄን የፍርድ ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡት። ይጠቅማችኋል።

የኦርፊልዱ ዊልሰን ሻንክዋይለር ሆቴል የነበረው ሰው ነው። የጀመረው በሁለት ምሰሶ መካከል በተወጠረ አንሶላ፣ በአንዲት 16 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተርና በድምፅ ማጉያ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ብቻ ስለሚሄድ፣ ከኋላ የቆመ ሰው ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ካየ በኋላ ነው የሚሰማው። ጎረቤቱ ደግሞ ፊልሙን ሳያይ ድምፁን ሲሰማ ያመሻል። በ1948 በየመኪናው መስኮት የሚንጠለጠል ትንሽ ድምፅ ማጉያ መጣ። እሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። በየድራይቭ ኢኑ ሰው ፊልሙ ሲያልቅ ረስቶት መኪናውን ያስነሳል፤ ሽቦው ብጥስ። ከዚያ ያው ብየዳ ነው። በ1955 ዳያን የተባለው ሀሪኬን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ስክሪኑን አፈረሰ፣ የፕሮጀክተሩንም ክፍል ጎዳው። ሰውየው በቃኝ አላለም። ለሰፊ ፊልም የሚሆን ትልቅ ስክሪን አቆመ። በ1980ዎቹ ሽቦው ቀረና ድምፁ በመኪናው ሬዲዮ መሰማት ጀመረ። በ2013 ዲጂታል ፕሮጀክተር ገባ።

እስቲ አስተውሉ፤ እዚህ ውስጥ ማንም ያላሰበው ነገር አለ? ያለው ጥገና ነው። በሰዓቱ የተከፈለ፣ ባይከፈል ኖሮ ቤቱን የሚዘጋ ጥገና።

ያልቻሉት ብዙ ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ4,000 በላይ ድራይቭ ኢኖች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት ወደ 300 ገደማ ናቸው። ቴሌቪዥን ገደላቸው የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት አለው፣ ግን የሒሳብ ሰው ሌላም ያያል። አንደኛ መሬቱ። ሜዳው ሲገዛ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው እያደገ መጥቶ ደረሰበት። የመሬት ግብሩ ጨመረ፣ የገበያ ማዕከል ሠሪዎች ብር ይዘው መጡ። በዓመት ግማሹን ዘግቶ የሚቀመጥ ሜዳ ያንን ብር እንዴት ይቋቋማል? ሌላው ሰዓት ነው። በ1966 በወጣው ሕግ በበጋ ሰዓትን አንድ ሰዓት ወደፊት መግፋት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተለመደ። ፀሐይ ካልጠለቀች ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ በሰኔ ፊልሙ የሚጀምረው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሆነ። ነገ ሥራ ያለው ሰው፣ ሕፃን የያዘች እናት በዚያ ሰዓት አይመጡም። የንግድ ዕቅዳችሁ ላይ እንዲህ ዓይነቱ ነገር የት ተጽፏል?

ደግሞ ትርፉ ከትኬት እንዳይመስላችሁ። አዲስ ፊልም ሲወጣ ከትኬቱ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወስደው የፊልሙ አከፋፋይ ነው። ሲኒማውን የሚያኖረው ፈንዲሻውና ለስላሳው ነው። ከቤቱ ምግብ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ባለቤቱን ለምን እንደሚያስከፋው አሁን ገባችሁ። ለኛ ሰው ይሄ ከባድ ነው፤ ዳቦና ቆሎ ሳንቋጥር መች ከቤት እንወጣለን! እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሰው የሚመጣልኝ ለምንድነው? እኔን የሚያኖረኝስ ምንድነው? ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ሬስቶራንት ከፍቶ ምግቡ እየተወደደለት የከሰረ ሰው አውቃለሁ፤ ኪራዩን የሚችለው ቡናና መጠጥ ሲሸጥ ብቻ እንደነበር የገባው ዘግይቶ ነው።

ስለ ሻንክዋይለርስ ከሁሉ የምወደውን ላንሣ። በ1984 የገዙት ፖል ጋይሲንገርና ባለቤቱ ሱዛን ናቸው። ፖል ቀደም ብሎ እዚያው ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። የትኛው ገመድ እንደሚላላ፣ ዝናብ ሲመጣ ስንት መኪና እንደሚቀር ያውቃል ማለት ነው። ሁለቱ ለ40 ዓመት ገደማ ያዙት። በ2022 ሲሸጡትም የገዙት ወጣት ጥንዶች ናቸው፤ እነሱም አስቀድመው ከቦታ ቦታ እየዞሩ ደጅ ላይ ፊልም ሲያሳዩ የነበሩ። ስለዚህ ልብስ ስፌት ልትከፍት የምትፈልጊው ልጅ፣ መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጥረሽ ስፌት አይተሻል? ደመወዙ ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። የሰው ማሽን ሲበላሽ በሰው ገንዘብ ነው የምትማሪው።

ሜዳው የማን እንደሆነም ሳታዩ አትፈርሙ። የኪራይ ውሉን አንብቡ፣ ካልገባችሁ ለጠበቃ ከፍላችሁ አስነብቡ። ሙሉ እድሳት በራሱ ወጪ ሠርቶ በዓመቱ ልቀቅ የተባለ ስንቱ ነው።

ፔንሲልቬንያና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ሂዱና እዩት። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ትልልቅ መኪኖች ወደ ኋላ ነው የሚቆሙት። ጃኬት ያዙ፣ በበጋም ይበርዳል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ካላችሁ እሱንም ያዙ፤ ሁለት ፊልም በመኪናው ሬዲዮ ካዳመጣችሁ የመኪናው ባትሪ ሊያልቅባችሁ ይችላል። ፈንዲሻውን ግን ከነሱ ግዙ።