አንድ ሰማንያ አራተኛ

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጣ። አካውንቲንግ ጨርሶ ሥራ እያፈላለገ ነው። ስለ ሥራ ይጠይቀኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ጋሼ፣ የቶሪን ጥፋቱ ምንድን ነው? ሀብቱ የራሱ አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። ስለ ኑሮ ውድነት አንስቼ ወሬውን አዞርኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይኸው፣ ለእሱም ለእኩዮቹም እጽፋለሁ። ሰዓት አክብሩ፣ ጠንክራችሁ ሥሩ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

ቶሪን ኦከንሺልድ የድንኮች ንጉሥ ነው። ቶልኪን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ነው ያለው። ድንክ ስል በሰፈር ከምናውቀው አጭር ሰው ጋር እንዳታምታቱት። በዚያ ተረት ድንኮች ራሱን የቻለ ሕዝብ ናቸው፤ ጢማቸው የረዘመ፣ ተራራ ፈልፍለው የሚኖሩ፣ ወርቅና ብረት የሚያነጥሩ። ደራሲው ስሞቹን ከራሱ አላመጣም። በሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ግጥም ውስጥ የድንኮች ስም ዝርዝር አለ፣ ከዚያ ነው የወሰደው። የሚገርመው ጋንዳልፍም እዚያው ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ነው። እናንተ ጠንቋይ አድርጋችሁ የምታውቁት ጋንዳልፍ ማለቴ ነው።

ልጁ ያየው ፊልሙን ነው። አንዲት መጠነኛ መጽሐፍ ወደ ሦስት ረጃጅም ፊልም ተጎትታለች፤ ሦስቱንም ከማየት አንዷን ማንበብ ይቀል ነበር። የዛሬ ልጆች ግን ሦስት ፊልም በአንድ ሌሊት ታያላችሁ፣ አሥር ገጽ ሲሰጣችሁ ታዛጋላችሁ። ይሁን፣ ይህን ማለት አልነበረብኝም። ጥያቄውን የጠየቀኝም እሱ ነው እንጂ አንባቢ ነን የሚሉት እኩዮቼ አይደሉም።

እኔ መጽሐፉን የገዛሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። ሽፋኑ አልነበረውም። ያኔ የቶሪን ደጋፊ ነበርኩ፣ ያውም የለየለት። ቶሪን 24 ዓመቱ ሳለ ስማውግ የሚባል ዘንዶ መጥቶ የአያቱን መንግሥት ኤሬቦርን ወረረ። ልጁ ያን ቀን ውጭ ሲዞር ስለነበር ተረፈ። ከዚያ ስደት ሆነ። ወርቅ ያነጥሩ የነበሩ ሰዎች በሰው አገር ተራ ብረት ቀጥቅጠው አደሩ፣ የድንጋይ ከሰል እስከ መቆፈር ደረሱ። በ53 ዓመቱ፣ ለድንክ ገና ልጅነት ነው፣ ጦርነት ላይ ጋሻው ሲሰበር የዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ መከተ። ኦከንሺልድ፣ ማለትም የኦክ ዛፍ ጋሻ፣ የተባለው በዚያ ነው። ታናሽ ወንድሙ እዚያው ቀረ። ቤቱን ያስመለሰው ዘንዶው ከመጣ ከ171 ዓመት በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደያዘኝ አውቃለሁ። አባቴ በ1967ቱ የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤት ተወስዶበታል። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገዱን አዙሮ በዚያ በኩል ያሳልፈን ነበር። አይቆምም፣ አይናገርም። አንድ ቀን ብቻ «በሩን አረንጓዴ ቀቡት» አለ። ከዚያ ቤት እስክንደርስ ዝም። እና አንድ ንጉሥ የአባቱን ቤት ሊያስመልስ ሲነሳ እኔ ከማን ጎን ልቆም ኖሯል?

ታሪኩ የሚበላሸው ድሉ ላይ ነው። ዘንዶውን የገደለው ቶሪን አይደለም። ባርድ የሚባል ቀስተኛ ነው የገደለው፣ ያውም ዘንዶው የባርድን ከተማ ሲያቃጥል። የዚያች ከተማ ሰዎች ቶሪንን አብልተው፣ ጀልባ ሰጥተው የሸኙት ናቸው። አሁን ክረምት ሊገባባቸው ነው፣ ጣሪያ የላቸውም። ከወርቁ ክምር ውስጥም የባርድ አባቶች ንብረት ተቀላቅሏል። እና መልእክተኛ ላኩ፣ ከሀብቱ ለባርድ አንድ አሥራ ሁለተኛው ይሰጠው አሉ። ቶሪን የመለሰው በቀስት ነው። ፍላጻው የመልእክተኛው ጋሻ ላይ ተተከለ።

ቢልቦ፣ ድንኮቹ ከቤቱ አውጥተው ያመጡት ትንሹ ሆቢት (ሆቢቶች ከድንኮችም የሚያጥሩ ሌላ ሕዝብ ናቸው)፣ ጦርነት ሲመጣ አየ። ቶሪን ከወርቁ ሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን አርከንስቶን የሚባል ዕንቁ በሌሊት ወስዶ ለባርድ ሰጠው፣ መደራደሪያ እንዲሆን። የራሱን ድርሻም ለዚሁ ተወው። ከዚያ ምን አደረገ? ተመልሶ መጣ። እዚያው ወዳጆቹ ጋር ገብቶ ተኛ። በማግስቱ ነገሩ ሲወጣ ቶሪን እንደ ጨርቅ ናጠው፣ ከግንቡ ሊወረውረው ደረሰ። ጋንዳልፍ ነው ያስጣለው።

እኔም ቢልቦን ከግንብ ወርውሬ አውቃለሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ እኔና አንድ ጓደኛዬ ትንሽ የኦዲት ቢሮ ከፈትን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ ሲደምር ሕንፃውን የሚያንቀጠቅጥ አንድ ኦሊቬቲ መደመሪያ። ሒሳብ መዝገቡን የምትይዝ የ22 ዓመት ልጅ ነበረችን። ዲፕሎማ አላት፣ እጅ ጽሑፏ የታተመ ነው የሚመስለው። ከአራት ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ሌላ ሥራ አገኘና ወጣ። ሲወጣ፣ እሱ ከሠራው ሥራ ገና ያልተሰበሰበ ሒሳብ አለ፣ ድርሻዬን ስጠኝ አለ።

አንዲት ሳንቲም አልሰጥም አልኩ። ጥሎኝ የሄደው እሱ ነው። ውላችን ስለዚህ ነገር አይናገርም። በሕግ እኔ ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ጠበቃ ብትጠይቁ ትክክል ነህ ይለኛል። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መዝገቡን እንይ ሲሉ «ገና አልተዘጋም» አልኳቸው። ተዘግቶ ነበር። ልጅቷ ከዘጋችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

አንድ ማለዳ 2 ሰዓት ሳይሞላ ገብታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ሹራቧን እንኳን አላወለቀችም። «ጋሼ፣ ማታ ያንን ገጽ ለሽማግሌዎቹ አሳይቻለሁ። ከሰው ከሚሰሙ ብዬ ነው። ፍርድ ቤት እንዳትካሰሱብኝ ፈራሁ።» እንዳትካሰሱብኝ ነው ያለችው። እኛ ወንድማማቾቿ የሆንን ይመስል። ከዚያ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ መዝገቧን ገለጠች።

ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። «ከዳተኛ» የሚለው ይበቃል። ጃንጥላዋንና የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ልትጠይቅ ሦስት ጊዜ መጣች። ሁለቱን ጊዜ የለም አስባልኩ። ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። የጭቃ ጫማዋን ደረጃው ሥር አውልቃ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ንጹሑን አድርጋ ነው የወጣችው። ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የቀረው ፊርማና ማኅተም ነው። አንድ ባንክ እስከ ዓርብ አምጪ ብሏታል። «ማኅተሙ የለም» አልኳት። ማኅተሙ ጋዜጣው ሥር ነበር። አንድ ጠርዙ ይታያል። አየችው፣ እኔም ማየቷን አየሁ። «እሺ ጋሼ» ብላ ወረደች። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ እስከ ታች ሰማሁት።

ከጓደኛዬ ጋር በሦስት ወር ውስጥ ታረቅን። እሱ በጠየቀውና እኔ በከፈልኩት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወር የቢሮ ኪራይ አይሞላም። ዛሬ አንድ እድር ውስጥ ነን፣ የልጁን ሰርግ ድንኳን ያስተከልኩት እኔ ነኝ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና የቶሪንንም ሒሳብ ሠርቼዋለሁ። የተጠየቀው አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ዕንቁው በባርድ እጅ መሆኑን ሲያይ ለማስመለሻ እሰጣለሁ ያለው የቢልቦን ድርሻ ነው፣ አንድ አሥራ አራተኛ። ቀንሱት። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሰማንያ አራተኛ ነው፣ ከመቶ 1.2 እንኳ አይሞላም። ጦርነቱ ከሌላ ጠላት ጋር ሆነና ተዋጉ። ቶሪን ቆሰለ። ሁለቱ የእህቱ ልጆች፣ ፊሊና ኪሊ፣ እሱን ሲከላከሉ ሞቱ። በኋላ የነገሠው ዘመዱ ዳይን ለባርድ ያንኑ አንድ አሥራ አራተኛ ከፈለው። ዕንቁውን ደግሞ ባርድ ራሱ የቶሪን ደረት ላይ አኑሮ ቀበረው።

ስለዚህ ለልጁ ጥያቄ መልሴ፦ አዎ፣ አብዛኛው የራሱ ነበር። ችግሩም እሱ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ኅሊናው ይቆረቁረው ነበር። ባለ መብት ግን ምን ይቆረቁረዋል? መብታችሁን አታስነኩ እላችሁ ነበር። አሁንም እላለሁ፣ የአባቴን በር አልረሳሁም። ቢሆንም ትክክል በሆናችሁበት ቀን አጠገባችሁ ማን እንዳለ ዞር ብላችሁ እዩ። እናንተ የምትጨክኑት በስልክ ነው፤ ሰውን በአንድ ጣት ብሎክ ታደርጋላችሁ። ቶሪን ቢያንስ ግንብ ላይ ወጥቶ በአደባባይ ነው ያደረገው። እኔስ? እኔ ማኅተም ነበረኝ።

ቶሪን ከእኔ የሚሻልበት ነገር አለ። ሊሞት ሲል ቢልቦን አስጠራው። ግንቡ ላይ የተናገርኩትንና ያደረግኩትን መልሼ እወስዳለሁ፣ በወዳጅነት ልሰናበትህ አለው። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሶም ውጊያ ነበረ፤ ከትምህርት ቤት የቅርብ ጓደኞቹ ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞተውበታል። ያንን ስንብት ባነበብኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

እኔ ቶሪን ያገኘውን ዕድል ጤነኛ ሆኜ አግኝቼው ነበር። ከዓመታት በኋላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ገባች። ትንሽ ወንድ ልጅ ይዛለች። አግዳሚ ወንበሩን ተከትላ ትልልቅ ሰዎቹን ሁሉ እየጨበጠች መጣችና እኔ ጋ ደረሰች። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለች፣ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጎንበስ ብላ። ልጁንም «ሳም» አለችው። ሳመኝ። «ሥራ ያዝሽ?» አልኳት። ከዚያ ሁሉ ቃል መካከል እሱን መረጥኩ። «ይመስገን» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ለቅሶው የእድራችን ሰው ነበር። ዘመዷ መሆን አለበት። የት እንደምትኖር ለማወቅ አንድ ስልክ ይበቃል።

የጎረቤቴ ልጅ በሚመጣው እሑድም ለቡና ይመጣል። ይህን አንብቦ ከመጣ «ታዲያ ለምን አይደውሉም?» ማለቱ አይቀርም። አውቀዋለሁ፣ ጠያቂ ነው።