የቤንዚኑ ዓይነትና የመኪናው ጭስ

ጥያቄ፦ የመኪናዬ መመሪያ 91 ኦክቴን ይበቃል ይላል። ጭሱ እንዲቀንስ ብዬ ግን 95 እሞላለሁ። ይጠቅማል?

መልስ፦ ለጭሱ ብለው ከሆነ አይድከሙ። ኦክቴን የሚለካው ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ካንዴላው ሳይቀድመው በራሱ እንዳይነድ ያለውን አቅም ነው፤ ስለ ንጽሕናው የሚናገረው የለም። እንዲያውም የድፍድፍ ነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች ኦክቴንን ከፍ ከሚያደርጉባቸው መንገዶች አንዱ እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉትን አሮማቲክ ውሕዶች (የካርቦን ቀለበት ያላቸውን የቤንዚን ክፍሎች) ማብዛት ነው። ከአሮማቲኮች ከባድ የሆኑት ቶሎ አይተኑም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የፒስተኑን አናት አርጥበው ይቀሩና ጥቀርሻ ሆነው ይወጣሉ፤ ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭባቸው ሞተሮች ደግሞ ይብሳል።

ከአሮማቲኮቹ አንዱ ቤንዝን ነው (ከቤንዚን ጋር እንዳይምታታብዎ፤ በአንድ ፊደል ቢለያዩም አንዱ የሌላው ቅንጣት ነው)። የደም ካንሰር ስለሚያመጣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቶሉይንና ዛይሊን ሲነዱ ተሰባብረው ቤንዝን ስለሚፈጥሩ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሮማቲኮች ጠቅላላ መጠንም ወደ 35 በመቶ ወረደ።

መመሪያው 95 ግድ ነው ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ 95 ይሙሉ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከሞላሁት ቤንዚን ወዲህ ከጭስ ማውጫው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ድኝ ነው። ድኙ ሲነድ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያጠራቅመውና ነዳጁ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አድርጎ ይለቀዋል። ሽታው ያስጠላል እንጂ ዋናው ጉዳት እሱ አይደለም። ድኙ ኮንቨርተሩ ውስጥ ጭሱን በሚያጣሩት ብረቶች፣ በፕላቲነሙ፣ በፓላዲየሙና በሮዲየሙ ገጽ ላይ ተለጥፎ ቦታ ይይዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ያልነደደው ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ ሳይጣሩ ያልፋሉ። ከቤንዚን ይዘት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል ብንባል ድኙን እንመርጣለን፤ ድኝ ሲቀንስ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖችም በዚያው ጊዜ ይሻሻላሉና። የአውሮፓው የድኝ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሚሊዮን ክፍል 150፣ በ2005 50፣ በ2009 ደግሞ 10 የሆነው ለዚሁ ነው።

ደግነቱ ድኝ በአብዛኛው ይለቃል። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ከሌላ ማደያ ይሙሉና ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በረጅም መንገድ ሳያቋርጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱ። እርሳስ ግን እንዲህ አይደለም፤ ኮንቨርተሩን አንዴ ከሸፈነው አለቀለት። ነዳጅ ቀይረውም ሽታው ካልጠፋ የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ለማመጣጠን የሚረዳውን የኦክስጅን ሴንሰር ያስፈትሹ፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ነዳጅ ያበዛል። ሽታው የሚመጣው ከኮፈኑ ሥር ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን አይውቀሱ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ቮልት ይለኩ፤ ከ15 ካለፈ ዲናሞው ባትሪውን እያፈላው ነው።

ጥያቄ፦ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን አየር አይበክልም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ኢታኖል ኦክስጅን ስላለው ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ካርቦን ሞኖክሳይድን ይቀንሳል። የኦክስጅን ሴንሰር ያለው መኪና ግን ድብልቁን ራሱ ስለሚያስተካክል ልዩነቱ ትንሽ ነው። በሌላ በኩል አሴታልዲሃይድ የተባለውን ጎጂ በካይ ይጨምራል፤ 10 በመቶ ሲቀላቀል ደግሞ የቤንዚኑን የትነት ግፊት በ7 ኪሎፓስካል ገደማ ያሳድገዋል። በሙቀት ጊዜ ይህ ትነት ቆሞ ከዋለ መኪናም ይወጣል።

ትነቱን የሚይዘው ከታንኩ ጋር በቱቦ የተያያዘው የከሰል ሣጥን ነው። ስለዚህ ሲሞሉ ማፍሰሻው መጀመሪያ ቀጭ ሲል ያቁሙ። «ትንሽ ይጨመር» ሲባል ፈሳሹ ቤንዚን ሣጥኑ ውስጥ ይገባና ከሰሉን ያርሰዋል፤ የራሰ ከሰል ትነት አይዝም።