መልስ፦ የውርርድ ቤቱን ደመወዝ ልቀበል ወይስ ልተው?

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። በ22,000 ብር የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ የስፖርት ውርርድ ድርጅት 60,000 እከፍላለሁ አለሽ፤ ኅሊናሽ ደግሞ እሺ አላለሽም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራው። ልዩነቱ 38,000 ይመስላል እንጂ እጅሽ የሚገባው ያ ሁሉ አይደለም። ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፤ 7 በመቶ ደግሞ ለጡረታ ይሄዳል። የሚተርፍሽ ጭማሪ 22,000 ገደማ ነው። ትንሽ ነው አልልም፤ በዚህ የቤት ኪራይ ማን ይላል?

«ፈቃድ አለው፣ ሕጋዊ ነው» ያሉሽም አልዋሹም። እኔም እዚያው ዘርፍ ዓመት ተኩል ሠርቻለሁ። የከበደኝ ሕጉ አልነበረም። ወር ሲያልቅ ገቢውን የምደምረው እኔ ነበርኩ፤ ትርፉ ደግሞ የሚመጣው ከተሸነፉት ነው። ከነሱ አንዱ የሰፈራችን የታክሲ ረዳት ነው። ማታ ማታ የቀን ገቢውን ይዞ ሲገባ አየው ነበር። በኋላ በኋላ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

የምታስተዳድሪው ቤተሰብ ካለሽ ግን ብትገቢም አልፈርድብሽም። ብቻ የምትወጪበትን ቀን አሁኑኑ ቁረጪ። እኔ «ስድስት ወር ብቻ» ብዬ ነበር የገባሁት። ወጪው ከደመወዙ ጋር አብሮ ያድጋላ!

በነገራችን ላይ፣ አሁን ያለሽበት ቦታ ጭማሪ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? የውርርድ ድርጅቱን የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ይዘሽ አለቃሽ ጋ ግቢ፤ ምን ብሎ እንደመለሰልሽም ንገሪን።