የፓይን ጉቶ ለእሳት ማቀጣጠያ፦ ከመፍለጥህ በፊት አሽትተው

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃህ። ጥያቄህን ላላዩት ልድገመው። ከአትላንታ ወጣ ብሎ የገዛኸው ቤት ጓሮ ውስጥ የከረሙ የፓይን ጉቶዎች አሉ። ጎረቤትህ «ፋት ላይተር ነው፣ እንዳትጥለው» ብሎሃል፤ ሙጫ የጠገበና ቶሎ የሚቀጣጠል የፓይን እንጨት ማለቱ ነው። አንተ ደግሞ እንዴት ተዘጋጅቶ የት እንደሚቀመጥ፣ ለቡና ከሰልም ይሆን እንደሆነ ጠየቅህ። እኔም እዚሁ ጆርጂያ ክረምቱን በእንጨት የምሞቅ ሰው ነኝና የማውቀውን ልበልህ።

ጎረቤትህ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የፓይን ጉቶ ሁሉ ፋት ላይተር አይደለም። ዛፉ ሲሞት ላዩ ቶሎ ይበሰብሳል። መሀሉ ግን፣ በተለይ ወደ ሥሩና ቅርንጫፍ በወጣበት መጋጠሚያ ላይ፣ ሙጫ ጠግቦ ከሆነ ዓመታት ያልፉታል እንጂ አይበሰብስም። ምስጥም አይደፍረውም። በዚህ አካባቢ ምርጡ ሎንግሊፍ የሚባለው ፓይን ነው። ድሮ ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ 90 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ይሸፍን ነበር፤ አብዛኛው ተጨፍጭፎ አልቋል። የዚያን ዘመን ጉቶ እስከ ዛሬ ከመሬት እየቆፈሩ የሚያወጡ አሉ። ያንተ በቅርብ የተቆረጠ ወጣት ሎብሎሊ (ሌላው የፓይን ዓይነት) ከሆነ ግን ብዙ አትጠብቅ።

በላዩ አትፍረድ። ጥሩውም መጥፎውም ከውጭ ግራጫ ነው። በመጥረቢያ አንድ ስንጥር አንሳለት። የደህናው ውስጡ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቡኒ ነው። ስስ አድርገህ ልጠህ ወደ ፀሐይ ብትይዘው ብርሃን ያሳልፋል። ለመጠኑ ከበድ ይላል። ከዚያ አሽትተው። አኳራጅ አኳራጅ ካለህ በቃ፣ አግኝተሃል። ትርፔንታይን የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ፣ ማለትም አኳራጅ፣ የሚሠራውም ከዚሁ ሙጫ ነው። የማይሸት፣ ቀላልና ፈዛዛ ከሆነ ተራ ማገዶ ነው፤ አትድከም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የፈረሰ በረንዳ ወይም አጥር ፓይን ስለሆነ ብቻ እንዳትለኩሰው። ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ አርሴኒክ ባለበት ኬሚካል የተነከረ ሊሆን ይችላል። አዲሱም ቢሆን የተነከረ እንጨት አይነደድም። ጉቶ ስር ያለ ጉድጓድ ውስጥም እጅህን አታስገባ፤ እባብ ይወደዋል። ደግሞ ከራስህ ጓሮ አልፈህ ወደ መንግሥት ጫካ መጥረቢያ ይዘህ እንዳትገባ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው። አፈሩንና የበሰበሰውን ልጠህ ጣል፤ አፈርና ጠጠር ስለት ያዶለድማል። 20 ሳንቲሜትር ገደማ አድርገህ ቁረጠው። ሙጫው መጋዙን ይይዘዋል፤ አኳራጅ በነካ ጨርቅ ስትጠርገው ይለቃል። ከዚያ በትንሽ መጥረቢያ ወደ እርሳስ ውፍረት ፍለጠው። ሲቀጥን በእጅህ ደግፈህ አትምታው፣ በሌላ እንጨት ደግፈው። መጋጠሚያው ጠማማ ስለሆነ እሺ ብሎ አይፈለጥም። እሱን በቢላ እየላጥክ ተጠቀምበት፤ ልጣጩ በክብሪት ብቻ ይያዛል።

እንደ ኦክ ያለ ጠንካራ ማገዶ ዓመት ሙሉ ማድረቅ አያስፈልግም። ላዩ እስኪደርቅ ጥላ ስር ነፋስ ይምታው፣ ይበቃል። ኦቨን ውስጥ ላድርቀው የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ኧረ በእግዚአብሔር!

ዋናው ምክሬ፣ ሁሉንም ባንዴ አትፍለጥ። በቀጠነ ቁጥር ተናኙ ዘይት ቶሎ ይወጣል፣ ማቀጣጠሉም እየደከመ ይሄዳል። ትልልቁን እንዳለ አስቀምጥና የሳምንትህን ብቻ ፍለጥ። የተፈለጠውን ክዳን ባለው የቆርቆሮ ባልዲ አድርገው። ጋራዥ ውስጥ ይሁን፣ ግን ከጋዝ ውሃ ማሞቂያውና ከፈርነሱ (ከቤት ማሞቂያው) ራቅ አድርገው። ፋየርፕሌሱ አጠገብ በቅርጫት ደርድሮ ማስቀመጥ ፎቶ ላይ ያምራል፤ እኔ ግን አላደርገውም። አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ስትለኩስ ሁለት ወይም ሦስት ስንጥር በቂ ነው። የአንዱን ጫፍ በቢላ ላጥ ላጥ አድርገህ አንጨባርረው፣ ከቀጭን ደረቅ እንጨት ስር አስገባውና ለኩስ። የጭስ ማውጫው መክፈቻ ክፍት መሆኑን አስቀድመህ እይ። ከሦስት ስንጥር በላይ ከጨመርክ ጭሱ ጥቁር ነው፣ ጥላሸቱ ማውጫው ውስጥ ይጋገራል። ሌላው ደግሞ፣ ትልቁ ፍልጥህ እርጥብ ከሆነ ፋት ላይተርም አያድንህም። ብዙ ሰው «እሳቴ አልያዝ አለ» የሚለው በክብሪቱ ሳይሆን ባልደረቀ እንጨት ነው።

የቡናው ነገር፦ ከሰል ለማቀጣጠል ይሆናል፣ ግን ደጅ ብቻ። አንድ ሁለት ስንጥር ከስር አድርግና ከሰሉን ከላይ ቆልል። ጥቁሩ ጭስ ጠፍቶ ከሰሉ ፍም እስኪሆንና አመድ እስኪለብስ ምጣዱንም ጀበናውንም አትጣድ። ያለዚያ ቡናው ሙጫ ሙጫ ይላል፣ እንግዳ ፊት ያሳፍርሃል። ፍም ከሆነ በኋላም ቤት አታስገባው። ከሰል ጭሱ ባይታይም መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ አይሸትም። እዚያው ደጅ አፍሉ።

ጉቶውን ስትሰነጥቀው የውስጡን ፎቶ ለጥፍ፤ ካላመንክ አብረን እናየዋለን።