መቼ ነው የሚጮኸው? ስለ ፎር ዊል መኪና ድምፅ ጥያቄና መልስ

ከሃያ ዓመት በላይ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ስር ተኝቼ የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ስትጠይቁኝ "ይጮኻል" ብቻ አትበሉኝ። ስትነሱ ነው? ስትዞሩ ነው? ነዳጅ ስትረግጡ ነው ወይስ እግር ስታነሱ? የበሽታው ግማሽ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃይሉክሴ ከ60 ሲያልፍ "ኡኡኡ" ይላል። ጋራዥ "ደፈረንሻል ነው፣ ይውረድ" አሉኝ። ላስወርደው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ። ደፈረንሻል ማለት ከሻፍቱ የመጣውን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ባለ ጥርስ ክፍል ነው፤ በችኮላ አይወርድም። መጀመሪያ ጎማህን በእጅህ ዳብሰው። የጭቃ ጎማ ከሆነ ወይም ጥርሱ ወጣ ገባ ብሎ ከተበላ ልክ እንደዚያ ይጮኻል፤ የመንገዱ ዓይነት ሲለወጥ ድምፁም ከተለወጠ ጎማ ነው። ካልሆነ ባዶ መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ግራና ቀኝ በል። ወደ ቀኝ ስትል ከባሰበት ክብደቱ ግራ ላይ ወድቋልና የግራውን ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ) ጠርጥር። ታኮ አድርገህ በክሪክ አንሳው፣ ጎማውን በአንድ እጅ እያሽከረከርክ ሌላውን እጅ ሞላው ላይ አሳርፍ። የተበላ ኩሽኔታ አሸዋ እንደሚፈጭ ሆኖ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ደፈረንሻል የሚጠረጠረው ድምፁ ስትረግጥ መጥቶ ስትለቅ ሲጠፋ ወይም ቃናው ሲለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ ስረግጥ ነው የሚብሰው። የጀመረውም ወንዝ ከተሻገርኩ ወዲህ ነው።

መልስ፦ ይኼንን ነበር መጀመሪያ መናገር! የጋለ ደፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ማስተንፈሻው ከተደፈነ በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ላስቲክ) በኩል ውሃ ይስባል። የዘይት መሙያውን ቡሎን ፍታና ጣትህን አስገባ። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ይዞ ከወጣ ሳታሳድር ቀይረው፣ ማስተንፈሻውንም አጽዳ። ማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው እሱንም እየው። የላመ ጥቁር ብረት የተለመደ ነው። የጥርስ ስብርባሪ ካገኘህ ግን አዎ፣ ያኔ ይውረድ።

ጥያቄ፦ የኔ ላንድክሩዘር ስነሳም ስቆምም "ጓ!" ይላል።

መልስ፦ ክሮቼራ (ሻፍቱን የሚያያይዘው የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ) ተበልቷል፣ ወይም ሻፍቱ የሚንሸራተትበት ጥርስ ግሪስ አጥቷል። ታኮ አድርገህ፣ ማርሹን ነፃ አውጥተህ ሻፍቱን በሁለት እጅ ወዲህና ወዲያ ጠምዝዘው፤ መስቀሉ ላይ ክፍተት ካለ ክሮቼራው ይቀየር፣ ከሌለ ግሪስ አስመታው። ወጣት ሳለሁ በዚሁ ድምፅ የተነሳ ደህና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አውርጃለሁ። ባለቤቱ እስካሁን አያውቅም።

ጥያቄ፦ ሙሉ መሪ ይዤ ስዞር ቀጭ ቀጭ ይላል።

መልስ፦ ሲቪ ጆይንት ነው፣ መሪ ሲዞርም ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው መገጣጠሚያ። ላስቲኩ ተቀዶ ግሪሱ ቸርኬው ላይ ተረጭቶ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃይሉክሴን አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቼ ስጠመዝዝ መኪናው ይታነቃል፣ ከስር "ጧ" ይላል። ምን ነካብኝ?

መልስ፦ ምንም እህቴ፣ ጤነኛ ነው። የሃይሉክስ ፎር ዊል መሃል ላይ ፊትና ኋላውን የሚያቻችል ደፈረንሻል የለውም፤ ስትዞሪ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልለዋል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ መሄጃ ያጣል። አውጪው። እምቢ ካለሽ መሪውን አቅንተሽ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ፒስታ ስጨርስ ፊት ጎማ አካባቢ ጆሮ የሚበሳ "ጢይይ" ጀመረኝ። ኩሽኔታ ነው?

መልስ፦ ጠጠር ነው፣ በፍሬኑ ዲስክና በአቧራ መከላከያው ቆርቆሮ መሃል የገባ። ወደ ኋላና ወደ ፊት በለው፤ ካልወደቀ ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ገለል አድርግለት።