ሁለቱም ሰርቨር «ትክክለኛው እኔ ነኝ» ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ደሴና ኮምቦልቻ ቢሮ አለን። ፋይሎቻችንን በግላስተር ኤፍኤስ (የአንዱን ፋይል ቅጂ በተለያዩ ሰርቨሮች ማስቀመጥ በሚችል ሶፍትዌር) በሁለት ሰርቨር እናስቀምጣለን። መስመር ተቆርጦ ሲመለስ አንዳንዱ ፋይል አልከፈት ይላል። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽር ወንድማችን፣ እንዳልከው ከሆነ ዲስኩን አንጠረጥርም። መስመሩ ሲቋረጥ የደሴው ሰርቨር የኮምቦልቻው የሞተ ይመስለዋል፣ የኮምቦልቻውም እንደዚያው፣ ሁለቱም መጻፋቸውን ይቀጥላሉና መስመሩ ሲመለስ አንዱ ፋይል ሁለት ዓይነት ይዘት ይዞ ይገኛል። ሲስተሙ የቱ ትክክል እንደሆነ ስለማያውቅ ይዘጋዋል። ደግም አደረገ! ዝም ብሎ አንዱን ቢያጠፋ ኖሮ የሰው ሥራ ይጠፋ ነበር።

መድኃኒቱ ሦስተኛ ማሽን ነው። ትልቅ ዲስክ አያስፈልገውም፤ የፋይሎቹን ስምና መግለጫ ብቻ ይዞ እንደ ሽማግሌ መሃል ይገባል። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተገናኙ መጻፍ አይቻልም። የተነጠለው ቢሮ ሠራተኞች መስመር እስኪመለስ ሥራ ይፈታሉ፣ እኛ ግን ይህንን እንመርጣለን። ማሽኑን ግን ከሁለቱ ቢሮዎች በአንዱ አታስቀምጡት፤ መብራቱና መስመሩ ለየብቻ ይሁን።

የተዘጉትን ፋይሎች ለመክፈት አትቸኩል። መጀመሪያ ሁለቱንም ቅጂ ለብቻ ገልብጥ፣ ከዚያ ባለጉዳዩ ራሱ አይቶ ይምረጥ። «የኋለኛው ይሻላል» የሚለው ትእዛዝ አለ፣ ግን በኋላ የተጻፈው ሁሉ ትክክል አይደለም።

ደግሞ ሁለት ቅጂ አለን ብላችሁ ባክአፕ አትተዉ። አንድ ሰው በስህተት ፋይል ካጠፋ ከሁለቱም ነው የሚጠፋው።